የታጠበው ፊልተር

ሰው "ዕድሜህን በምን ጨረስከው?" ሲለኝ "ግድግዳ በመብሳት" እላለሁ። የሚስቅ ይስቃል። ኤሌክትሪክም ዘርግቻለሁ፣ ቧንቧም ገጥሜአለሁ፤ ሶዶ ላይ ማቴዎስ ሲባል ግን የምታወቀው በትራፓኖዬ ነው። በዚህች ከተማ ስንት መጋረጃ፣ ስንት መደርደሪያ፣ ስንት ቴሌቪዥን በእኔ ቀዳዳ ላይ እንደተንጠለጠለ አልቆጠርኩም፤ ወደቀብኝ ብሎ የመጣ ሰው ግን የለም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለጉራም ነው።

ጡረታ ከወጣሁ ገና ዓመት አልሞላኝም። ቤት መዋሉ አልከበደኝም። የከበደኝ ግድግዳ ባየሁ ቁጥር እጄ ላንኳኳ ማለቱ ነው። ለቅሶ ቤት እንኳ ስሄድ ወንበሬን ጠጋ አድርጌ በጣቴ አንጓ ነካ ነካ አደርጋለሁ፤ ባለቤቴ በክርኗ ትጎሽመኛለች። ይህን አመል ያስለመዱኝ ጋሼ አንጁሎ ናቸው። ስለ ሥራ ዘመኔ ለመጻፍ ብዕር ሳነሣ ከእሳቸው ሌላ መጀመሪያ አላገኘሁም።

የተዋወቅነው አረካ ነው። የእህል መጋዘን ይሠራ ነበርና እኔ አሸዋ ተሸካሚ ሆኜ ገባሁ። እሳቸው በዚያ ሥራ ላይ ትራፓኖ የሚነኩ ብቸኛ ሰው ነበሩ፤ አጭር፣ ዝምተኛ፣ ኮታቸውን በላስቲክ ጠቅልለው ከሥራ በፊት ምስማር ላይ የሚሰቅሉ ሰው። አንድ ቀን የበሱትን አቧራ ልጠርግ መጥረጊያ ይዤ ጎንበስ ስል ክንዴን ያዙኝ።

"ተው፤ ገና አላነበብኩትም" አሉኝ።

ሰውዬው ነካ ያደርጋቸዋል እንዴ ብዬ ነበር። በኋላ ግን ገባኝ። አቧራው ነጭ ከሆነ መብሻው ገና ልስኑ ላይ ነው። ግራጫ ሆኖ በጣት ሲታሽ ከሻከረ ብሎኬት ነው፤ ግራጫ ሆኖ እንደ ዱቄት ከላመ ኮንክሪት። ቀይ ከሆነ ሸክላ አለ ማለት ነው። አሸዋው በዝቶ ሲሚንቶው ካነሰ ደግሞ ግድግዳው ሌባ አለበት ይላሉ፤ እዚያ ላይ ከባድ ነገር አይሰቅሉም። አቧራውን የሚይዙት ቂጧን በበሱት የዱቄት ወተት ጣሳ ነበር። መብሻውን በቀዳዳዋ አሳልፈው አፏን ግድግዳው ላይ ይለጥፏታል። ከዚያ በመዳፋቸው ገልብጠው፣ ወደ ብርሃን ዞረው፣ ሰው ደብዳቤ እንደሚያነብ ቀስ ብለው ያዩታል።

ሌላው አመላቸው እጥበት ነበር። በእኛ አገር የጎረቤት ሳፋ ተውሶ ሳያጥቡ መመለስ ነውር ነው። ጋሼ አንጁሎ ይህን ደንብ ወደ መሮና መዶሻ አስፋፉት። ሥራ ሲያበቃ ከትራፓኖው ሞተር በቀር ሁሉም ነገር ሳሙና ይነካዋል። የሌላ ሰው መሣሪያ ከሆነማ እጥፍ ነው። "ዕቃው ሲመለስ ከሄደበት ንጹሕ ካልሆነ አልተመለሰም" ይሉ ነበር። እኛም ሠራተኞቹ እየሳቅንባቸው እናጥባለን፤ እያጠብን ለመድነው።

ትልቅነታቸውን ያየሁት ዲምቱ ላይ ነው። ትምህርት ቤት እየሠራን ጥቁር ሰሌዳ ለመስቀል አራት ቀዳዳ ያስፈልግ ነበር። ሁለተኛው ላይ ትራፓኖውን አቆሙ። ጣሳዋ ውስጥ ያለው አቧራ ትንሽ ጠቆር ብሎ እርስ በርሱ ተያይዟል። ኮንትራክተሩ አጠገባችን ቆሞ ስለነበር ምን ትጠብቃላችሁ፣ ጨርሱ እንጂ አለን። ጋሼ አንጁሎ አቧራውን እንደ ሊጥ በጣታቸው ጨምቀው አሳዩት። እርጥብ ነው፤ ከጀርባው ውሃ አለ አሉት። በፕላኑ ላይ እዚያ ቦታ ቧንቧ የለም ብሎ ተቆጣ። እሳቸው መሮ አንሥተው ልስኑን ፈቀፈቁት፤ ቧንቧው ከመብሻችን ጫፍ አንድ ጣት ያህል ርቆ ተገኘ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኮንትራክተሩ ግድግዳ ከመበሳቱ በፊት አንጁሎ አንብቦታል ወይ ብሎ መጠየቅ ጀመረ።

በእንዲህ ዓይነት ሥራ ብዙ ዓመት አብረን ዞርን። ደመወዙ የሚወራለት አልነበረም፤ ልጆች አሳደገ፣ ይበቃል። ከዚያ እኔ ሶዶ ውስጥ በአንድ የሕክምና ማዕከል በጥገና ክፍል ተቀጠርኩ። የማዕከሉ ስም ይቅር። ሥራ አስኪያጁ አቶ ብርሃኑ ከሰሜን የመጡ፣ ወረቀት የሚወዱ፣ ቅን ሰው ነበሩ። አምፖል ለመቀየርም ፎርም ያስሞሉን ነበር። እኔ ፎርሙን እየሞላሁ አጉረመርማለሁ፣ እሳቸው ፊርማህ ከመስመር ወጣ ብለው ይመልሱብኛል፤ እንዲህ ተዋደን ኖርን።

ያቺን ማሽን ያመጡልኝ እሳቸው ናቸው። አቧራ ሰብሳቢ አብሯት የተሠራ ትራፓኖ ነች። ከመብሻው ዙሪያ በስፕሪንግ ገባ ወጣ የሚል አፍንጫ አላት፤ ግድግዳው ላይ ይለጠፍና አቧራውን ከቀዳዳው አፍ ላይ ይስበዋል። ከሥር ትንሽ ሳጥን አለች፤ እሷ ውስጥ እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈ የወረቀት ፊልተር ተቀምጧል። አቧራው ሳጥኗ ውስጥ ይቀራል፣ ንጹሑ አየር በጎን ይወጣል። መጀመሪያ የበሳሁት ቀን የጽዳት ሠራተኞቹ መጥረጊያ ይዘው ቆመው ነበር፤ የሚጠረግ አጥተው ተመለሱ። እኔም ከዚያ በኋላ በኮሪደር ስሄድ ደረቴ ትንሽ ቀደም ይል ነበር።

ለጋሼ አንጁሎ ላሳያቸው ቸኮልኩ። ያኔ ሥራ አቁመው ወደ ኦቶና በሚወስደው መንገድ ዳር ቤታቸው ይውሉ ነበር፤ ትንፋሻቸው ማጠር ጀምሯል። ሐኪሞቹ ሳንባቸው ውስጥ የብዙ ዓመት አቧራ ተቀምጧል ብለዋቸዋል። የወተት ጣሳዋ የምትይዘው የሚታየውን ነበር፤ የማይታየው ወደ እሳቸው ሄዷል። ማሽኗን በፎቶ ሳሳያቸው ረጅም ጊዜ አዩአት። እኔ ስጀምር ይቺ ብትኖር ኖሮ አሉ።

ጊፋታ፣ የዘመን መለወጫችን፣ ሲቃረብ ወላይታ ውስጥ ቤት ሁሉ ይለሰናል፣ ይቀባል፤ ሰው ሁሉ የሚሰቅለው ነገር ያገኛል። የጋሼ አንጁሎ ባለቤት እትዬ ማርታ መደርደሪያ አሠርተው ደወሉልኝ። እትዬ ማርታ የባጃጅ ጎማ በራፋቸው ላይ የተወውን ምልክት እንኳ የሚያጥቡ ሴት ናቸው። ሰውዬው እኔው ካልበሳሁ ብለው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፣ አቧራው እንዳይገድላቸው ያቺን አቧራ የማታስወጣ ማሽን አምጣልኝ አሉኝ። የማዕከሉ መሣሪያ ከግቢ አይወጣም የሚል ደንብ አለ። ደንቡን አላውቅም ማለት አልችልም፤ ደንቡ የተጻፈበትን ሰሌዳ ግድግዳው ላይ የሰቀልኩት እኔ ነኝ፣ በዚያችው ማሽን አራት ቀዳዳ በስቼ። ቢሆንም ቅዳሜ ወሰድኩላቸው። ሥራ ስለነበረኝ ሰጥቻቸው ተመለስኩ።

ሰኞ ጠዋት እትዬ ማርታ ራሳቸው ይዘዋት መጡ፤ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው፣ ከላይዋ የተቀቀለ ጎደሬ በእንሰት ቅጠል አድርገው። ከፍቼ ሳያት ከመጣችበት ቀን ይልቅ ታበራለች። ሳጥኗ ባዶ፣ አፍንጫዋ የጸዳ፣ ፊልተሩም ነጭ ሆኖ በቦታው ተሰክቷል። ደስ አለኝ። ጎደሬውን በላሁ፣ ማሽኗን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩባት።

ከጊፋታ በኋላ ጋሼ አንጁሎ ትንፋሽ አንሷቸው እኛው ማዕከል ተኙ። ክፍሉ ሦስት አልጋ ነበረው። በዚያው ሳምንት ለዚያው ክፍል የኦክስጅን መስመር የሚይዙ ብረቶች እንድገጥም ታዘዝኩ፤ ስምንት ቀዳዳ ነው። የክፍሉ ነርስ ሲስተር ሕይወት በሽተኞቹን ወደ ኮሪደር ላውጣቸው ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

"አያስፈልግም" አልኳት። "ይቺ አቧራዋን ራሷ ነው የምትበላው።"

እውነቱን ልናገር። በሽተኞቹን ማውጣት ከባድ ሆኖ አልነበረም። ጋሼ አንጁሎ እንዲያዩኝ ፈልጌ ነበር። ሃያ ዓመት ያስተማሩኝን ሰውዬ ሳልጠርግ፣ ሳላስል፣ አንዲት ብናኝ ሳላወርድ ስበሳ ላሳያቸው ፈለግሁ። እሳቸውም ትራሳቸውን ከፍ አስደርገው፣ ኦክስጅኑ አፍንጫቸው ላይ እንዳለ፣ እንደ ልጅ እያዩኝ ነበር።

በውሃ ልክ መስመሩን አወጣሁ፣ በእርሳስ ነጥብ አደረግሁ፣ ጀመርኩ። እስከ አራተኛው ድረስ ደረቴ ቀደም እንዳለ ነው። አምስተኛው ላይ ሳል ሰማሁ። ዞሬ አየሁ። ሳጥኗ እየሞላች ነው፣ ወለሉ ንጹሕ ነው፣ ግድግዳው ንጹሕ ነው። ሳሉ የበሽታቸው ነው አልኩና ስድስተኛውን ጀመርኩ። በመስኮቱ የገባው የከሰዓት ፀሐይ ውስጥ አየሩ ወተት እንደተቀላቀለበት ውሃ ሆኖ ነበር፤ እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው ስለሰጠሁ አላየሁም። ያየችው ሲስተር ሕይወት ነች። መጥታ ሶኬቱን ነቀለችው። ከዚያ የጋሼ አንጁሎን መጽሐፍ ቅዱስ ከራስጌያቸው አንሥታ በጥቁሩ ሽፋን ላይ ጣቷን አሳልፋ አሳየችኝ። ጣቷ የሄደበት ጥቁር፣ ዙሪያው ግራጫ ነበር።

አልጋዎቹን እየገፋን አወጣናቸው። ሁለቱ በሽተኞች አስለው ተረጋጉ። ጋሼ አንጁሎ ግን ከንፈራቸው ጠቆረ። የዕለቱ ሐኪም ዶክተር ሰላማዊት ሮጣ መጣች፤ ወደ ሌላ ክፍል አስገባቻቸውና በሩ ተዘጋብን። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ይተርፋሉ ወይስ አይተርፉም የሚል ሰው አልነበረም።

ጥገና ክፍል ገብቼ ሳጥኗን ከፈትኩ። ደረቁና ትልልቁ አቧራ እንደወትሮው ተቀምጧል። ፊልተሩን አውጥቼ በብርሃን ስይዘው ከወረቀቱ እጥፎች መካከል ጥቃቅን ስንጥቅ አየሁ፤ አንዳንዱ እጥፍ እንደ ረጠበ ደብተር ተጨማዷል። አሸተትኩት። ሳሙና ይሸታል። ወረቀቱ ውሃ ነክቶት ቀዳዳው ሰፍቷል፣ ሳጥኗ የሚታየውን ይዛ የላመውን አቧራ በጎን በኩል ወደ በሽተኞቹ ስትነፋ ነበር። ነጩ ጨርቅና ጎደሬው በዓይኔ መጡ። እትዬ ማርታ የተዋሱትን አጥበው መልሰዋል፤ እኔም ነጭነቱን አይቼ ተደስቼ ሳልፈትሽ በስቻለሁ።

በነዚያ ሦስት ቀናት ኮሪደር ላይ ከእትዬ ማርታ ጋር ተቀመጥን። ማሽኗን ምን ነካት ብለው ጠየቁኝ። ተበላሽታ ነው አልኳቸው። ባላቸውን የጎዳው የራሳቸው ሳሙና ነው ብዬ እንዴት ልንገራቸው? አቶ ብርሃኑ የጽሑፍ ሪፖርት ሲጠይቁኝም ማሽኗን ደንብ ጥሼ አውጥቻለሁ፣ ፊልተሩን ያጠብኩት እኔ ነኝ ብዬ ጻፍኩ። ግማሹ እውነት ነበር። ሌላውን ግማሽ ወድጄ ነው የተሸከምኩት፤ እንዲያውም ስጽፈው ጥሩ ሰው የሆንኩ መሰለኝ።

በአራተኛው ቀን ጋሼ አንጁሎ ዓይናቸውን ገለጡ። ዶክተር ሰላማዊት የከፋው አልፏል አለችን። ኮሪደሩ ላይ አለቀስኩ፤ አላፈርኩም። ትንሽ መናገር ሲችሉ መጀመሪያ የጠየቁት ውሃ ነው፣ ቀጥሎ የማሽኗን ፊልተር ነው። በላስቲክ አሽጌ ወሰድኩላቸው። ሲስተር ሕይወት ላስቲኩ አይከፈትም አለች፤ እሳቸውም አልከፈቱም። በላስቲኩ ላይ ወደ መስኮቱ ይዘው እጥፎቹን አንድ በአንድ አዩ። ድሮ መዳፋቸው ላይ አቧራ እንደሚያዩት ነው። ከዚያ ሪፖርቱ ላይ ምን ጻፍክ አሉኝ። ነገርኳቸው። እትዬ ማርታ በአልጋው በወዲያኛው በኩል ተቀምጠው ይሰማሉ።

"አንተ አላጠብከውም" አሉ ጋሼ አንጁሎ። "አንተ እንዲህ አታጥብም፤ ጠርዙን ነው የምትረሳው። ይሄ ጠርዙም ታጥቧል።"

እትዬ ማርታ እጃቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ።

"ሪፖርትህ ልስን ነው" አሉኝ ቀጥለው፣ በየቃሉ መሐል እየተነፈሱ። "ከሥሩ ጉድጓዱ አለ። ማቴዎስ አጠበ ከተባለ ማቴዎስን ይቀጡና ይረሱታል። ነገ የጽዳት ሠራተኛዋ ታጥበዋለች፤ ንጹሕ ሰው ስለሆነች። ሌላ ሰው ይተኛል።"

ልክ ነበሩ። እኔ እትዬ ማርታን ከሐዘን ላድን ብዬ የሚቀጥለውን በሽተኛ ረስቼው ነበር። ቀና ስል እትዬ ማርታ እያዩኝ ነው። እንባቸው ወርዷል፤ ድምፃቸው ግን ጠንካራ ነበር።

"እኔ ነኝ ያጠብኩት። በሳሙና፣ ሁለት ጊዜ። ስሜን ጻፍ" አሉኝ።

እትዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ሳላይ የበሳሁት እኔ ነኝ አልኳቸው። እሱንም ጻፍ አሉኝ። ጋሼ አንጁሎ ወረቀት አምጣ ብለው አዘዙ።

ሁለተኛው ሪፖርት አልጋው ጫፍ ላይ ተጻፈ። አንድ ገጽ አይሞላም። ማሽኗን ደንብ ጥሼ ያዋስኩ፣ ስትመለስ ፊልተሩን ሳልመረምር፣ በሽተኞቹንም ሳላስወጣ የበሳሁ እኔ ነኝ ብዬ ፈረምኩ። እትዬ ማርታ ከሥር ስማቸውን በትልልቅ ፊደል ጻፉ፤ መታጠብ እንደሌለበት አላውቅም ነበር የሚልም ጨመሩ። ከዚያ ጋሼ አንጁሎ ብዕሩን ጠየቁ። ይተዉት፣ ይረፉ ብንላቸው እምቢ አሉ። ባለቤታቸው ወረቀቱን ያዙላቸው፣ እኔ ክንዳቸውን ደገፍኩ፤ አንዲት መስመር ለመጻፍ ረጅም ጊዜ ፈጀባቸው። "መሣሪያ ሁሉ ታጥቦ ይመለሳል ብዬ ሁለቱንም ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ፤ የሚታጠበውንና የማይታጠበውን ሳልለይላቸው። አንጁሎ" ይላል።

አቶ ብርሃኑ ወረቀቱን ሁለቴ አነበቡት። በፎርማቸው ላይ ለሦስት ጥፋተኛ የሚሆን ቦታ እንደሌለ ነገሩኝ፤ ቀለዱ ወይስ አልቀለዱም እስከ ዛሬ አላውቅም። ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፣ አንድ ዓመት የመሣሪያ ቁልፍ አልያዝኩም። ተገቢ ነበር። ከዚያ ጥገና ክፍልንና የጽዳት ሠራተኞችን በአንድ ላይ ሰበሰቡና ማን ፊልተር አጥቦ ያውቃል ብለው ጠየቁ። አራት እጅ ወጣ። ከአራቱ አንዷ የሕፃናት ክፍሉን የአየር ማጣሪያ በየሳምንቱ በሳሙና ታጥብ ነበር፤ ማንም ሳያዛት፣ ንጹሕ ስለሆነች። ያን ቀን ሁሉም በአዲስ ተቀየረ። በየማሽኑ ላይም በአማርኛና በወላይትኛ አይታጠብም የሚል ተለጠፈ። እኔም ቁልፉ ሲመለስልኝ፣ ከዚያም እስከ ጡረታዬ፣ ሳጥኗን ሳልከፍትና ፊልተሩን በብርሃን ሳልይዝ አንድም ቀዳዳ አልበሳሁም፤ በሽተኛ ያለበት ክፍል ውስጥማ ጭራሽ። ከታዘዘው በላይ ጠንቃቃ ሆኗል ብለው ይቀልዱብኛል። ይቀልዱ።

ጋሼ አንጁሎ ከዚያ በኋላ ሁለት ጊፋታ አዩ። ሐኪሞቹ የወሰዳቸው የቆየው አቧራ ነው፣ ያ አንድ ከሰዓት አይደለም አሉኝ። አምናቸዋለሁ፤ ግን ስድስተኛው ቀዳዳ የእኔ ነው።

ጡረታ የወጣሁ ቀን የሰው ኃይል ክፍል ሠራተኛዋ ፋይሌን እያገላበጠች ያን ወረቀት አገኘችው። የማስጠንቀቂያው ጊዜ ስላለፈ ላውጣልህ ወይ አለችኝ፤ ለክብሬ አስባ ነው። ይቆይ አልኳት፣ ኮፒ ግን አንሺልኝ አልኳት። ከጋሼ አንጁሎ ጋር ያን ያህል ዓመት ስንሠራ በእጃቸው የጻፉት አንድም ነገር የለኝም ነበር።

ኮፒውን ይዤ እትዬ ማርታ ዘንድ ሄድኩ። ዓይናቸው ደክሟልና አንብብልኝ አሉኝ። ከላይ ጀመርኩ። የእኔን ሰሙ፣ የራሳቸውን ሰሙ። የመጨረሻዋ መስመር ላይ ስደርስ እጃቸውን ወረቀቱ ላይ አድርገው ደግመህ በለው አሉኝ። ደገምኩት። ሦስተኛም አስነበቡኝ።